ከመኪና በቀጥታ ወይስ በአቀባይ ማሽን?

ትኩስ አስፋልት ወደ ማንጠፊያው ማሽን የሚደርሰው በዋናነት በ2 መንገድ ነው። የተለመደው፣ ገልባጭ መኪናው ወደ ኋላ ተጠግቶ በቀጥታ ሲገለብጥለት ነው። ወጪው ይቀንሳል። ግን መኪናው ማሽኑን ገጨት ካደረገው አስፋልቱ ላይ ጉብታ ይቀራል። ቀጣዩ መኪና ከዘገየ ደግሞ ማሽኑ ይቆማል፣ አስፋልቱም ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘውን አስፋልት ሮለሩ በደንብ መጠቅጠቅ ያቅተዋል።

ሁለተኛው መሃል ላይ አቀባይ ማሽን ማስገባት ነው። ይሄ ማሽን ከመኪናው ተቀብሎ ያጠራቅማል፤ በጉዞ የቀዘቀዘውንም ከትኩሱ ጋር እንደገና ያደባልቃል። ማንጠፊያው ሳይቆምና ሳይገጭ በአንድ ፍጥነት ይጓዛል። የልስላሴው ሚስጥር እዚህ ጋ ነው!

አቀባዩ ውድ ነው፤ ክብደቱም ለደካማ ድልድይ ያሰጋል። ለአጭር የሰፈር መንገድ የመጀመሪያው ይበቃል። ለረጅም የፍጥነት መንገድ ግን እኔ ያለ አቀባይ ባይጀመር እላለሁ።