ለቤት እባብ ምን ይነጠፍ? ተክል የበቀለበት አፈር፣ የኮኮናት ቅርፊት ወይስ ወረቀት

በዚህ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ፣ ልጆቻቸው «እባብ ካልተገዛልን» ብለው መውጫ ያሳጧቸው ሦስት ወዳጆቼ ባለፈው ክረምት ተራ በተራ ደውለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከሥሩ ምን ይነጠፍለታል?» የሚል። የሚያሳዝነው፣ ሁለቱ የደወሉት ከገዙ በኋላ ነበርና ምክሬ የጠቀማቸው የባከነውን ገንዘብ እንዲቆጥሩ ብቻ ነው። እኔም ብሆን የመጀመሪያውን እባብ ቤት ያስገባሁ ጊዜ በንጣፍ ብቻ የከሰርሁት ከእባቡ ዋጋ ይበልጣል።

የሁላችንም እባብ ቦል ፓይተን የሚባለው፣ ሲደነግጥ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው፣ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ወደ ውጭ ሲላክ የኖረው ትንሽ ዘንዶ ነው። በተፈጥሮው በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተሸሽጎ የሚውል በመሆኑ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይፈልጋል፤ የዚህ አገር የክረምት ማሞቂያ ደግሞ የቤቱን አየር ስለሚያደርቀው፣ ንጣፉ ውኃ መያዝ ካልቻለ እባቡ ቆዳውን በአንድ ጊዜ መጣል አቅቶት ቁርጥራጩ ገላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር፤ በገዛ እጅ በተቀላቀለ አፈር ላይ ተክል መትከል ከሁሉም ይሻላል፤ ተዘጋጅቶ በከረጢት የሚሸጠው «ሕያው አፈር» ግን ካየኋቸው ግዢዎች ሁሉ የከፋው ነው።

አስቀድሜ አንድ ስሕተት ላርም። ሕያው ንጣፍ፣ ማለትም ተክልና ጥቃቅን ፍጥረታት የሚኖሩበት ንጣፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ሣሩ ራሱ እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋ ነው። እኔም እንዲሁ መስሎኝ በ28 ዶላር የተጠቀለለ ሣር ገዝቼ ዘረጋሁ። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን እባብ ሌሊቱን ሙሉ የመስታወቱን ጥግ ይዞ ሲዞር፣ ሣሩ በሳምንቱ የከብት መሄጃ የመሰለ አንድ መስመር አወጣ፤ በ11ኛው ቀን ያ መስመር ቢጫ ሆነ፣ ከውኃ መጠጫው ሥር ያለው ደግሞ ጠቁሮ መሽተት ጀመረ። ንጣፉ አፈሩ ነው፤ ተክሉ ከላይ ጥላና መሸሸጊያ ይሰጣል፣ ሥሩም ከሚበሰብሰው ቆሻሻ የተወሰነውን እየመጠጠ ይኖርበታል።

ወደ ዋጋው እንሂድ። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60 ሴንቲሜትር በሆነ ሳጥን ውስጥ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ለማንጠፍ 72 ሊትር አፈር ያስፈልጋል። ያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አፈር እኔ ስገዛ 8 ኳርት፣ ማለትም ሰባት ሊትር ተኩል ገደማ የሚይዘው ከረጢት 20 ዶላር ነበርና፣ ሳጥኑን ለመሙላት ወደ 190 ዶላር ይጠይቃል። ያንኑ መጠን ከጓሮ ዕቃ መደብር ገዝቼ ስቀላቅለው፣ ሁለት ባለ 40 ፓውንድ ከረጢት ተራ አፈር በ9 ዶላር፣ አንድ ባለ 50 ፓውንድ የልጆች መጫወቻ አሸዋ በ6 ዶላር፣ ሦስት የታመቀ የኮኮናት ቃጫ ጡብ በ15 ዶላር፣ በድምሩ 30 ዶላር ወጣብኝ፤ ከጡቦቹም አንዱ ተረፈኝ። በዚህ ላይ ሦስት ተክል 24፣ ለተክሎቹ የሚሆን ባለ 24 ዋት የኤልኢዲ መብራት 35፣ ሻጋታና ብስባሽ የሚበሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ደግሞ፣ ስፕሪንግቴይሉ 10 እና አይሶፖዱ 15 ዶላር፣ ሲደመሩ 114 ይሆናል። ከላይ የሚበተነው ደረቅ የኦክ ዛፍ ቅጠል መድኃኒት ካልተረጨበት ደጅ ተለቅሞ የፈላ ውኃ ይፈስበታል እንጂ አይገዛም፤ በከረጢት አድርገው በ12 ዶላር የሚሸጡት መኖራቸውን ሳይ ግን አሁንም ይገርመኛል።

የኮኮናት ቅርፊት ቁርጥራጭ ለዚሁ ሳጥን ሁለት ከረጢት፣ 40 ዶላር ይፈጃል፤ በየአራት ወሩ ሙሉ በሙሉ ስለሚቀየር በዓመት 120 ማለት ነው። የመብራቱን 15 ዶላር ገደማ ኤሌክትሪክ ከጨመርሁ በመጀመሪያው ዓመት ኮኮናቱ በዘጠኝ ዶላር ይረክሳል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን እኔ የማወጣው የኤሌክትሪኩንና የአንዲት ተክል ምትክ፣ 23 ዶላር ሲሆን፣ ኮኮናት የሚያነጥፈው ሰው እንደገና 120 ይከፍላል።

አስፐን የሚባለው ዛፍ ፍቅፋቂ ደረቅ አየር ለሚስማማው እባብ መልካም ነው፤ ለቦል ፓይተን በሚያስፈልገው እርጥበት ግን በጥቂት ቀናት ይሻግታል። አንዱ ወዳጄ «አስፐን» የሚል ከረጢት በርካሽ አግኝቶ አምጥቶልኝ ስከፍተው ከጥድ ጠረብ የማይለይ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ የጥድና የሴዳር ዘይት ለእባብ ሳንባ ጎጂ በመሆኑ እዚያው መለስነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እኔም ዛሬ የከረጢቱን ጀርባ ሳላነብብ ምንም አልገዛም። እርጥበት እንዲይዝ የሚጨመረውን፣ ሞስ የሚባል ደቃቅ ተክል ደርቆ በ12 ዶላር ገዝቼ ባልዲ ውስጥ ስነክረው ውኃው እንደ ግድግዳ ቀለም አረንጓዴ ሆነ፤ ለካ ለአበባ ማስጌጫ የተቀለመ ኖሯል። ስፋግነም የሚባለው እውነተኛው ሞስ ሲደርቅ የገረጣ ገለባ ይመስላል እንጂ አያንጸባርቅም። አፈርም ሲገዛ ማዳበሪያ የተደባለቀበት ከሆነ ይቅር። ተዘጋጅቶ ከመጣው «ሕያው አፈር» ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ተፈልፍለው እስከ ማዕድ ቤት ወጡ፤ ባለቤቴ እባቡን እንኳ ችላ ስትኖር ዝንቡን ግን አልቻለችም። ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም።

ከሁሉም ያስቆጨኝ ተክሉ ነው። ከተራ መደብር የገዛሁትን ፖቶስ የሚባል የቤት ሐረግ ከነአፈሩ ተከልሁትና ከ12 አይሶፖዶች በሳምንቱ በሕይወት ያገኘሁት ሁለቱን ብቻ ነው፤ ለገበያ የሚያድጉ የቤት ተክሎች ብዙ ጊዜ በሥር ገብቶ በግንዱ የሚሰራጭ ፀረ ተባይ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሥሩን በቧንቧ ውኃ አጥቤ፣ በንጹሕ አፈር ሳጥኑ አጠገብ አንድ ወር አቆየዋለሁ።

ከሞከርኋቸው ተክሎች የእባቡን ክብደት የቻሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ፖቶስ ነው፤ ቢሰበርም ከስባሪው እንደገና ይበቅላል። ሁለተኛው እንግሊዝኛው «የእባብ ተክል» የሚለው፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የቆመው ነው፤ እሱም እንደ ቦል ፓይተኑ የምዕራብ አፍሪካ ተወላጅ መሆኑ ደስ ይለኛል። ፈርን የመሳሰሉት ለስላሶች አንድ ሌሊት አያድሩም። እባቡ ሲቆፍር ተክሉን ስለሚነቅለው፣ እስኪጠነክር ድረስ ከነማሰሮው አፈሩ ውስጥ መቅበር ያዋጣል።

«ነፍሳቱ ሁሉን ስለሚበሉ ማጽዳት የለም» የሚሉትን ሻጮች አትመኑ። አይሶፖዱ የተረፈውን ፍርፋሪና ሻጋታ ይበላል፤ የአዋቂ እባብን ዓይነ ምድርና ነጭ ሽንቱን ግን በማንኪያ የማነሳው እኔ ነኝ። አፈሩም መርጠብ ያለበት ከሥር እንጂ ከላይ አይደለም፤ እባቡ ሁልጊዜ እርጥብ ላይ ከተኛ የሆዱ ቅርፊት ይቆስላልና የእንስሳት ሐኪም ሂሳብ ያመጣል።

ወረቀትን የማስቀድምበት አንድ ጊዜ አለ። አዲስ የመጣ እባብ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በነጭ ወረቀት ላይ ቢያሳልፍ፣ ማይት የሚባለው ጥቁር ጥቃቅን ተባይ ወዲያው ይታያል፤ ካልሆነ ግን ተባዩ የገባበት አፈር ከነተክሉና ከነነፍሳቱ ተጠራርጎ ይጣላል፣ ያ 114 ዶላርም አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው ወዳጄ፣ ሳይገዛ የደወለው፣ አሳንሰር በሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖርና በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ሰው ነው። ይህ ሁሉ አፈር ሲረጥብ ወደ 70 ኪሎ እንደሚመዝን ስነግረው ሳቀ፤ እሱን በኮኮናት ቅርፊትና በማሰሮ በተተከለ አንድ ፖቶስ ጀምር ብዬዋለሁ።