ግድግዳ ላይ አይታችሁ የመኪና አምፖል እንዳትገዙ

ሰሞኑን 3,500 ብሬን የበላኝን ነገር ልንገራችሁ፤ አሮጌ መኪና የምትነዱ በተለይ ስሙኝ።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት፣ ዕድሜዋ ከልጆቼ ይበልጣል። የፊት መብራቷ ከደከመ ቆይቷል፤ አጭሩን አብርቼ ስነዳ ኩራዝ ይዤ የምሄድ ነው የሚመስለኝ። ለጉዳይ ወደ ደሴ መሄድ ስለነበረብኝ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። «ጋሼ፣ ሃሎጅን እኮ ቀረ» ብሎ ጥንድ ኤልኢዲ አወጣ። ካርቶኑ 20,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ 200 ዋት ይላል። ባትሪ ላይ አገናኝቶ ከሁለት ሜትር ርቀት ግድግዳው ላይ ሲያበራው ዓይኔን አጭበረበረኝ። ቀጥሎ የኔን አሮጌ የሃሎጅን አምፖል አበራ፤ ጭስ የጠገበ ፋኖስ መሰለ። «ሌሊቱ ቀን ይሆንልዎታል» አለኝ። ከፈልኩ።

ደብረ ብርሃንን እስካልፍ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ረጅም መብራቱን እየለቀቀ ሲሰድበኝ አመሸ። እኔ ደግሞ አጭሩን ነው ያበራሁት! ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ያለው አስፋልት ቦግ ብሏል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ከበፊቱ የባሰ ጨለማ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲቀበለኝ ጭራሽ ነጭ አንሶላ ፊቴ ላይ የተሰጣ መሰለኝ። ቁልቁለቱን ደብረ ሲና ድረስ ከአንድ አይሱዙ ኋላ ተለጥፌ፣ የሱን ቀይ መብራት እያየሁ ወረድኩ።

ስመለስ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። አምፖሉን በቴስተር ለኩት፦ 2 አምፔር፣ ማለትም 27 ዋት ገደማ። ካርቶኑ ላይ 200 ነበር! በ27 ዋት 20,000 ሉመን የሚሰጥ ኤልኢዲ በዓለም ላይ የለም። ደህና የሚባለው ኤች 4 ሃሎጅን (አጭሩንም ረጅሙንም የሚያበራው አምፖል) እንኳ በአጭር መብራት 1,000 ሉመን አካባቢ ነው።

ግን የብርሃኑ መጠን አይደለም ዋናው ጉዳይ። የሃሎጅኑ አምፖል ውስጥ ሁለት ሽቦ አለ፤ አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለረጅም መብራት። ከአጭር መብራቱ ሽቦ ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ ተቀምጣ ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን ትጋርደዋለች፤ ከመስታወቱ ነጥሮ ወደ ላይ፣ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ የምታደርገው እሷ ናት። የፋናሌው (የፊት መብራቱ ቤት) መስታወትም የተሠራው ለዚያች ሽቦ ቦታ ነው። ርካሹ ኤልኢዲ ቦታውን ስቶ ስለሚያበራ ብርሃኑ እንደ ፈሰሰ ውሃ ይበተናል። ግድግዳ ላይ ሲታይ ያምራል፤ መንገድ ግን ግድግዳ አይደለም።

ቀጥለው የድሮውን አምፖል መልሰው ገጠሙና ቮልቱን ለኩ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.8፣ አምፖሉ ጋ ሲደርስ 11.6። «አምፖሉማ ምን ያድርግ፣ ግማሽ ራቱን እየላክህለት!» አሉኝ። የሃሎጅን ቮልት በ10 ከመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። የኔማ ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ኤሌክትሪኩ በተበላው ማብሪያና በቀጭኑ አሮጌ ሽቦ ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ማሳውም (ኔጌቲቩ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኝበት ቦታ) ዝጓል።

ማሳውን አጸዱ፣ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ ሁለት ሪሌ (ማብሪያው በትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያዘው ትልቁን የሚያሳልፍ ቁልፍ) ከነፊውዙ አስገቡ፣ አዲስ ባለ 60/55 ዋት ሃሎጅን ገጠሙ። የእጃቸውን ጨምሮ ኤልኢዲውን ከገዛሁበት ግማሽ አልሞላም።

«ባለ 100 ዋት ሃሎጅን ልስጥህ» የሚላችሁንም አትስሙ፤ በድሮው ሽቦ ላይ ሶኬቱንም ማብሪያውንም ያቀልጠዋል። ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ፋናሌ የምትገዙም ልብ በሉ፤ እነሱ በግራ ስለሚነዱ አጭሩ መብራት ወደ ግራ ከፍ ይላል፣ እኛ አገር ደግሞ በግራ ያለው ከፊታችሁ የሚመጣው ሾፌር ነው። ቪትዝ ያላችሁ የፋናሌው ፕላስቲክ ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስፈትጉ፤ በጥርስ ሳሙና የሚሠራው ግን ብዙ አይቆይም።

ኤልኢዲውን ልመልስ ብሄድ ሻጩ «ከተገጠመ አይመለስም» አለኝ። ትንሽ አሰብ አድርጎ ደግሞ «500 ብር ይጨምሩና ባለ 30,000 ሉመኑን ይውሰዱ» አለ።