ኡሻብቲ፦ ከፋያንስ ወይስ ከእንጨት?

የጥንት ግብፃውያን ኡሻብቲ የሚባሉ ትናንሽ ምስሎችን ከሟች ጋር ይቀብሩ ነበር። በወዲያኛው ዓለም ሟቹ ለእርሻ ሥራ ሲጠራ «አለሁ!» ብለው የሚተኩት እነሱ ናቸው። ታዲያ ከምን ቢሠሩ ይሻላል?

አሠራር፦ ፋያንስ ሸክላ አይደለም። ኳርትዝ የሚባል ጠንካራ ድንጋይ ተፈጭቶ ከአመድና ከመዳብ ጋር ተለውሶ፣ በቅርጽ ማውጫ ተጠፍጥፎ ይተኮሳል። ሰማያዊው ሲያብረቀርቅ ደስ ይላል! ቀለሙ ራሱ የዳግም ሕይወት ምልክት ነበር። በደረት ላይ በተጣመሩት እጆች የተያዘችው መቆፈሪያ ሳትቀር ትታያለች። እንጨት ግን አንድ በአንድ ይጠረባል።

አደጋ፦ ፋያንስ ከወደቀ አለቀለት። እንጨትን ምስጥ ይበላዋል።

በኋለኛው ዘመን እንደታየው 401 ምስል (365 ሠራተኛ፣ 36 አለቃ) ለሚያስፈልገው ፋያንስ ያዋጣል። ጥቂት፣ ፊታቸው በጥንቃቄ የተቀረጸ ለሚፈልግ እንጨት ይሆነዋል።