በናሚቢያ በመሪ የሚካሄድ አደን፦ ገንዘቡ ምን ይገዛል?

የአገልግሎቱ ትልቁ ብርታት የሕጉ ግልጽነት ነው። ወቅቱ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ለስፕሪንግቦክ (ሚዳቋ መሰል አነስተኛ እንስሳ) ቢያንስ 1,350፣ ለአጋዘንና ለሳላ 2,700፣ ለጎሽና ለዝሆን 5,400 ጁል ጉልበት ሊኖረው ይገባል። የመሪውም ፈቃድ ደረጃ አለው፤ ጎሽ የሚፈልግ ሰው የትልልቅ አውሬ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መያዝ አለበት። ፈቃዱን ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደካማው ጎን የዋጋ አጻጻፉ ነው። በማስታወቂያ ጎልቶ የሚታየው የቀን ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ መኝታን፣ ምግብን፣ መሪንና መኪናን ብቻ ይሸፍናል። የግዳይ ክፍያ በእንስሳው ዓይነት ለብቻው ይሰላል፤ ቆስሎ ያመለጠም እንደ ወደቀ ይቆጠራል (ይህስ ተገቢ ነው)። ቀንድና ቆዳ ማዘጋጀት፣ ማሸግና መላክ ግን ብዙ ጊዜ ከውሉ ውጭ ስለሚቀሩ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት በጽሑፍ ይረጋገጡ።

ሂሳቡን የሚያንረው ብዙውን ጊዜ ተኩሱ ራሱ ነው። የሳላ ልብ ዝቅ ብሎ በፊት እግሮቹ መካከል ስለሚገኝ፣ ከትከሻው ኋላ ያነጣጠረ ሰው ሆዱን ይመታና ቀኑን ሙሉ ዱካ ሲከተል ይውላል። የፊት እግሩን መስመር ይዞ ከደረቱ ሥር አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ማለት ይሻላል። ልምምዱም ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ሳይሆን፣ ቆሞ በሦስት እግር ድጋፍ ከ100 እስከ 150 ሜትር ይሁን።

ጁላይ ሳሩ ደርቆ እይታው ያማረ ነው። ንጋት ላይ በክፍት መኪና ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጓንት አይረሳ።