ሳልወልድ ለማጥባት የገዛሁት የጡት ፓምፕ፣ ከደብረ ብርሃን

ጠባሴ ካለ የህፃናት እቃ ሱቅ ነው የገዛሁት፣ በኤሌክትሪክ የሚሰራ ሁለቱንም ጡት ባንዴ የሚስብ። የማደጎ ልጅ ለማጥባት የምትዘጋጁ በእጅ የሚጨመቀውን አትግዙ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም በቀን 8 ጊዜ አካባቢ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በየጊዜው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማለብ አለ፣ እጅ ያልቃል በቃ። ሳይወለድም ጡት ሲሳብ ሲሳብ ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ ወተቱ ግን ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ጠብታ ብቻ ስታዩ እንዳትደነግጡ።

ደስ የሚለው ቻርጅ ይይዛል፣ የሰፈራችንን መብራት ታውቁታላችሁ። ድምፁ ግን ጉድ ነው፣ አማቴ ከጓዳ "ወፍጮ ተከላችሁ እንዴ?" አሉ። ጡት ላይ የሚገጠመው ፈነል ደሞ አንድ ሳይዝ ብቻ ነው ያለው፣ ጠቦኝ ጡቴን ላጠኝ፣ ሌላ ስጠይቅ ሻጩ ከዋጋው በቀር ስለ እቃው የሚያውቀው ነገር የለም። ጎማዎቹ ሲላሉ መሳብ ያቆማል፣ መለዋወጫ አብራችሁ ግዙ።

ወተት የሚጨምር ክኒን ያለ ሀኪም እንዳትወስዱ፣ የልብ ምት የሚያዛባ አለ። ብዙ ጊዜ ወተቱ ሙሉ ስለማይሆን ፎርሙላም ያስፈልጋል፣ ጡት ጫፍ ጋ በሚለጠፍ ቀጭን ቱቦ ሲሰጥ ህፃኑ ጡቱንም አይተውም፣ እሱን ቱቦ ግን እዚህ ከተማ እስካሁን አላየሁም፣ ያገኘ ይጠቁመኝ።