ጄኪው-1 ወይስ ኤምዚ-1? ከደብረ ብርሃን ሆኖ ለሚያዝ

«መምህር፣ ብሮሞዶሜይን የሚዘጋ ነገር ልናዝ ነበር፤ የትኛው ይሻለናል?» በዚህ ወር ይህን የጠየቀችኝ ሦስተኛዋ ተማሪ ናት። አንዴ ጽፌው ልገላገል። ብሮሞዶሜይን ጂን በሚያሠሩ አንዳንድ ፕሮቲኖች ላይ ያለ ኪስ ነው፤ ጄኪው-1ና ኤምዚ-1 እዚያ ኪስ የሚገቡ የላብራቶሪ ኬሚካሎች ናቸው። ኪሳችሁ እንደኔ ከሆነ ጄኪው-1 ግዙ። ግን ከስሙ ፊት የመደመር ምልክት ያለበትን።

ይህቺ ምልክት ብዙ አስከፍላኛለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አቅራቢ ከሌሎቹ በግማሽ ዋጋ አመጣልኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሴሎቹ ላይ 500 ናኖሞላር አደረግን። ሚክ የተባለው የካንሰር ጂን ሥራው መውረድ የነበረበትን ያህል አልወረደም። ሴሉን ጠረጠርን፣ ሚዲየሙን (ሴሉ የሚያድግበትን ፈሳሽ) ቀየርን፣ ሁለት ወር አለቀ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ከራሱ ብልቃጥ ትንሽ ሰጠኝና ጎን ለጎን አየናቸው። የኔው ከሱ እኩል የሚሠራው መጠኑ እጥፍ ሲሆን ነው። ሞለኪውሉ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት መልክ አለው፤ የፕሮቲኑ ኪስ ውስጥ ልክ ገጥሞ የሚሠራው አንዱ ነው። የኔ ብልቃጥ ለካ የሁለቱ ቅልቅል ኖሯል። በግማሽ ዋጋ ግማሽ ዕቃ። ቅቤ ቢሆን ሙዝ እንደገባበት ቀምሰህ ትለያለህ። ዱቄት ምኑ ይቀመሳል?

ስለዚህ ሳትከፍሉ የጥራት ሰርተፍኬቱን ጠይቁ። ንጽሕናው 98 በመቶ ይላል ብላችሁ አትርኩ፤ የኔም ይል ነበር። ቅልቅሉ በተራ መለኪያ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚታየው። ቀኙና ግራው መለየቱን የሚያሳየውን ወረቀት አምጡ በሉ። የመቀነስ ምልክት ያለበትም ለብቻው ይሸጣል። እሱ የማይሠራው መንትያ ነው። ለማነጻጸሪያ ትንሽ ያስፈልጋችኋል፤ ተሳስታችሁ እሱን ብቻ እንዳታዙ።

ጄኪው-1 ሐሰተኛውም የበዛበት፣ ዋጋውም የወረደበት ምክንያት አንድ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም የነበረው የጄምስ ብራድነር ቡድን ሞለኪውሉን ሲያወጣ አሠራሩን አልደበቀም፤ ናሙናውንም ለጠየቀ ሁሉ ላከ። ዛሬ የማያመርተው ኩባንያ የለም። ቢአርዲ-4 የተባለው ፕሮቲን ዲኤንኤ በሚጠቀለልበት ሂስቶን ላይ የተለጠፈውን የአሲቲል ምልክት የሚያነበው በብሮሞዶሜይኑ ኪስ ነው። ጄኪው-1 ያንን ኪስ ይይዝበታል፤ ቢአርዲ-4 ከክሮማቲኑ (ከዲኤንኤና ሂስቶኑ ጥቅል) ይለቃል፣ ሚክም ይወርዳል።

ኤምዚ-1 በ2015 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። አንዱ ጫፉ ያው ጄኪው-1 ነው። ሌላው ጫፍ ቪኤችኤል የተባለውን ፕሮቲን ጎትቶ ያመጣና ቢአርዲ-4 እንዲፈርስ ያደርጋል። ብልህ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን ሒሳቡን እንየው። በመጨረሻው ፕሮፎርማዬ ላይ 5 ሚሊግራሙ ከጄኪው-1 ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ሞለኪውሉም ከእጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ለተመሳሳይ ሚሊግራም የምታገኙት ከግማሽ ያንሳል። «በ100 ናኖሞላር ስለሚሠራ 5 ሚሊግራሙ ለ50 ሊትር ሚዲየም ይበቃል» ይሏችኋል። እውነት ነው። ጄኪው-1 በ500 ናኖሞላር የሚበቃው ለ22 ሊትር አካባቢ ነው። የማስተርስ ተማሪ ግን 2 ሊትርም አይጨርስም! የምትከፍሉት ለብልቃጡ ነው። በዚያ ላይ ፕሮቲኑ መፍረሱን ለማሳየት ዌስተርን ብሎት የተባለው ምርመራ፣ ለዌስተርን ብሎት ደግሞ ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ያስፈልጋል። አንቲቦዲው ደግሞ ከቦሌ ጉምሩክ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር በቅዝቃዜ መምጣት አለበት። የጄኪው-1 ዱቄት ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። የትራንዚተሩ ክፍያ ለ5 ሚሊግራምም ለ50ም ያው ስለሆነ ሁለት ሦስት ላብራቶሪ ሆናችሁ አንድ ላይ እዘዙ።

የኛ አገር ብርድ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ሁለቱም የሚሟሙት ዲኤምኤስኦ በተባለ ፈሳሽ ነው፤ እሱ 18.5 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ኅዳር ጠዋት ላብራቶሪ ስትገቡ ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንድ ልጅ ተበላሸ ብሎ ሊደፋው ሲል ደርሼ አስጣልኩት። መዳፋችሁ ውስጥ አሙቁት፤ ጨርሶ እስኪቀልጥ ጠብቁና በደንብ አዋህዱት። ግማሹ ረግቶ እያለ ከቀዳችሁ መጠኑ ይዛባል። መብራት እየሄደ ፍሪዘሩ ደጋግሞ እንዳያቀልጠውም በ20 ማይክሮሊትር ከፋፍሉት።

ጄኪው-1 የማይሆንበት ቦታም አለ። አይጥ ውስጥ ግማሹ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጠፋል፤ ለአይጥ ሥራ በአፍ የሚሰጠውን ሞሊብሬሲብ እዩ። ወንድማማቾቹን ፕሮቲኖች ቢአርዲ-2፣ ቢአርዲ-3 እና ቢአርዲ-4ንም አይለይም። ጥያቄያችሁ ስለ ቢአርዲ-4 ብቻ ከሆነ ኤምዚ-1 ይሻላል፤ ያኔ ክፈሉ። ብቻ መጠኑን አታብዙ፤ ሲበዛ ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ ተይዘው ማፍረሱ ይቀንሳል።

ልጅቷ ማታ የፕሮፎርማውን ፎቶ ላከችልኝ። ዋጋው ያምራል። ከስሙ ፊት ግን ምልክት የለም። «እንዳትፈርሚ፤ ነገ ጠዋት ደውለሽ ጠይቂያቸው» አልኳት።