ለባቦጋያው ባለጀልባ ምስጋና፣ ለዓሣ አጥማጆችም ጥቆማ

ቅዳሜና እሑድ ዘንግና መንጠቆ ይዛችሁ ከቃሊቲ፣ ከአቃቂና ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቢሾፍቱ ለምትወርዱ ሁሉ፣ በባቦጋያ ሐይቅ ላይ የሚሠሩ አንድ ባለጀልባ ላስተዋውቃችሁ እወዳለሁ። እኔና ጓደኞቼ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሰው ዓሣው በየትኛው ሰዓት የት እንደሚገኝ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ይህን እውቀት ግን ሐይቁ ዳር ካደጉት ከሌሎች ባለጀልባዎችም ማግኘት ይቻላል። በአደባባይ እንዳመሰግናቸው ያነሳሳኝ በውኃው ላይ ለሌላው ጀልባ፣ ለሌላው አጥማጅና ለዓሣው ጭምር የሚያሳዩት አክብሮት ነው።

ይህ አክብሮት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚገባው የአካባቢውን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ነው። ለአዲስ አበባ ቅርብ ከሆኑት ግድቦች ገፈርሳና ለገዳዲ ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ የተያዙ ናቸው፤ አባ ሳሙኤል ደግሞ የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚወርደውን የአቃቂን ወንዝ ስለሚቀበል ከዚያ የወጣ ዓሣ ለልጆቼ ላብላ የሚል ሰው አላውቅም። ስለዚህ አብዛኞቻችን ከመሀል አዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ቢሾፍቱ እንወርዳለን። ባቦጋያ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ሥፍራ ውስጥ የተኛ፣ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ከዳርቻው ጥቂት ራቅ እንዳሉ ወለሉ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው ዓሣ የሚመገብበትና የሚራባበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ሐይቁን እንደ መቀነት የከበበ ጠባብ ሥፍራ ብቻ ነው። የዓሣ ፈላጊው በሚበዛበት በዐቢይ ጾም ሰሞን ባለመረቡም፣ ባለመንጠቆውም፣ ለሽርሽር የወጣውም ሰው በዚያው ጠባብ ሥፍራ ላይ ይገናኛል፤ ጭቅጭቁም የሚነሳው እዚያው ላይ ነው።

ጋሼ ቀድሞ መልሕቅ የጣለ ጀልባ ካዩ በእሱና በዳርቻው መካከል ፈጽሞ አያልፉም። በጥልቁ በኩል ዞረው፣ ቀዘፋቸውን ዝግ አድርገው ይጠጉና «እንደምን አደራችሁ፤ ክራችሁ በየት በኩል ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የሚያልፍ ጀልባ ዓሣውን ስለሚያስበረግገው፣ ማልዶ የመጣው ሰው ልፋት በአንድ አፍታ ከንቱ እንደሚሆን አስረድተውናል። ከዚያም የሁለቱ ጀልባ ሰዎች ክራቸውን ቢወረውሩ የማይነካኩበትን ርቀት ለክተው መልሕቃቸውን ይጥላሉ። ሌሎች ደጋግመው ዓሣ ሲያወጡ አይተን «ጋሼ፣ ወደዚያ ጠጋ እንበል እንዴ?» ስንላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ «ካልጠሩን አንሄድም» የሚል ነው።

ባለፈው ጾም ያየሁት ከአእምሮዬ አልጠፋም። ከጎናችን በነበረው ጀልባ ላይ አንድ ወጣት ትልቅ አምባዛ ያዘ፤ ዘንጉ ክፉኛ ጎበጠ፣ ዓሣውም ክሩን እየጎተተ ወደ እኛ አቅጣጫ መጣ። ጋሼ ማንም ሳይጠይቃቸው «ክራችሁን ሰብስቡ» አሉን። እኛ ስንጠቀልል እሳቸው እንደ መልሕቅ የሚጠቀሙበትን በገመድ የታሰረ ድንጋይ እጅ በእጅ እየሳቡ አወጡት፤ ዓሣው በገመዱ ዙሪያ ከዞረ የወጣቱ ክር እንደሚበጠስ ያውቃሉና። ጀልባችን በነፋስ እየተገፋ መልካሙን ቦታችንን ለቀቀ። ወጣቱ ዓሣውን እስከ ጀልባው ጠርዝ ካመጣ በኋላ ማንሻ አጥቶ ሲቸገር፣ እጀታ ያለውን መረባቸውን በመቅዘፊያው ጫፍ ላይ አንጠልጥለው አቀበሉት፤ ዓሣው ሲወጣም ከራሳቸው ደንበኛ እጅ የወጣ ያህል አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ የወጣቱ ባለጀልባ ራሱ ጠርቶ ከጎኑ አስጠጋን።

በሌላ ቀን አንድ ሞተር ጀልባ በላያችን ሊያልፍ ምንም ያህል ሳይቀረው በፍጥነት ተሻገረና የሁለት ሰዎችን ክር በጠሰ። ጓደኞቼ ሊጮኹ ሲነሱ ጋሼ በእጃቸው ምልክት አስቀመጧቸው። ወደብ ስንደርስ አሽከርካሪውን ለብቻው ወስደው ረጋ ብለው አነጋገሩት። በኋላ ስንጠይቃቸው «እንጀራው ነው፤ በደንበኞቹ ፊት አላዋርደውም» አሉን። ያ ሰው ከዚያ ወዲህ መልሕቅ የጣሉ ጀልባዎችን ሲያይ ሞተሩን ቀንሶ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ አብዛኛው አጥማጅ ከሐይቁ ስለሚወጣ ጠዋቱ ለመቅዘፊያ፣ ከሰዓት በኋላው ለሞተር ቢተው ሁሉም ወገን ደስ ብሎት ይውላል።

በባለጀልባዎቹ መካከል ያለው ሥነ ምግባርም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሌላ ባለጀልባ ጋር ዋጋ እየተነጋገረ ያለ እንግዳ ወደ እሳቸው ቢመጣ «መጀመሪያ ከእሱ ጋር ተጨራረሱ» ብለው ይመልሱታል። እሳቸው ቀኑ የተያዘባቸው እንደሆነም ደንበኛውን ለሌላ ያስተላልፋሉ፤ ለዚህም ኮሚሽን ሲቀበሉ አላየሁም።

ለዓሣው ያላቸው ርኅራኄ ደግሞ ብቻውን ሊነገር ይገባዋል። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታስፈለፍል ዓሣ ናት። አንድ ጓደኛችን ያወጣት ቆሮሶ አፏን ስትከፍት ቢጫ እንቁላሎች በጀልባው ወለል ላይ ፈሰሱ። ጋሼ ወዲያው እጃቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ያዟት፣ መንጠቆውን ነቀሉላትና ቀስ ብለው ለቀቋት፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ገላ ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይልጠዋል። ከዚያም ወንዶቹ በወለሉ ላይ የሚቆፍሯቸውን ክብ ጉድጓዶች በውኃው ውስጥ አሳዩንና ጀልባውን ከዚያ አራቁት። የምንለቀው ዓሣ እንዳይጎዳም በመንጠቆው ጫፍ ላይ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀን እንድንመጣ ይመክሩናል።

በብርዱ ወራት የላይኛው ውኃ ሲቀዘቅዝ ከታች ያለው ኦክስጅን የሌለው ውኃ ወደ ላይ ስለሚወጣ በቢሾፍቱ ሐይቆች ዓሣ በብዛት የሚሞትበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ምልክት ባዩበት ሰሞን ስንደውልላቸው «ውኃው ታሟል፣ ይቅርባችሁ» ብለው መልሰውናል። የቀን ገቢያቸውን ትተው እውነቱን ስለነገሩን ያን ዕለት ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ጋሼ፣ እኛን ብቻ ሳይሆን ከጎናችን የነበሩትንም ስላከበሩልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ከእሳቸው ጋር ለመውጣት የምታስቡ ጎሕ ሲቀድ ወደቡ ላይ ብትደርሱ መልካም ነው። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ይነግሯችኋል፣ በመሀል አይጨምሩም። የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለበስ ጀልባቸው አይንቀሳቀስም፤ ሙዚቃ መክፈትና ቆሻሻ ወደ ውኃው መጣልም አይፈቅዱም። ስልካቸውን ያለ ፈቃዳቸው በአደባባይ ማውጣት ስላልወደድሁ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ቶሎ ስለሚያዝባቸው ከሐሙስ በፊት ብትደውሉ ይሻላል።